የኦፕራሲዮን ክፍሏ ሟርተኛ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ናትናኤል ቶንሲሉ በኦፕራሲዮን ሊወጣለት ሆስፒታል ገባ። ጠዋት ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ተነሥተን ድልድዩን ስንሻገር እሱ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ጉማሬ ይታይ እንደሆነ ብሎ አንገቱን ወደ ውኃው ያሰግጋል፤ እኔ ጥጌን ይዤ ሎሚ አሸታለሁ። ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ሆዴ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል። የእርጅና ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጎማ ያለው ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም።

«እማዬ፣ የምትታከሚው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» አለችኝ ልጄ ሜሮን።

ሎሚዬን ወደ አፍንጫዬ መለስሁ። ጭንቀቷን በእናቷ ላይ ካልተወጣችው በማን ላይ ትወጣዋለች?

ሆስፒታሉ ደርሰን ትንሽ እንደቆየን የማደንዘዣ ባለሙያው መጣ። ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ፣ ግን ረጋ ያለ ልጅ ነው። በዚሁ ሥራ ጡረታ የወጣሁ መሆኔን አልነገርሁትም፤ ነግሬው ቢሆን እጁ ይርበተበት ነበር። ከሜሮን አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ይጠይቃት ጀመር። ልጁ ምን በላ፣ መቼ በላ፣ አስም አለበት ወይ እያለ ቆየና፣ «መኪና ላይ ያስመልሰዋል?» አላት።

«ኧረ በፍጹም።»

«ከእናንተስ ከወላጆቹ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሲነቃ ያስመለሰው ሰው አለ?»

«የለም። ሁላችንም ደኅና ነን» አለች ሜሮን አንገቷን ቀና አድርጋ።

ደኅና ነን! ይህቺው ልጅ ናትናኤልን በኦፕራሲዮን ወልዳ ከነቃችበት ሰዓት ጀምሮ አንጀቷ እስኪገለበጥ ስታስመልስ ሳፋ ይዤ የቆምሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? አፌን ልከፍት ስል በዐይኗ ወጋችኝ። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። «አታሟርቺ» ማለት ነው። እኔንም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስንት ዓመት የሠራሁትን ሴትዮ፣ ምላሴ ለአፍታ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀችብኝ። የራስ ልጅ ሲሆን እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ ነው ውባለም ትዝ ያለችኝ። ውባለምና አባቷ፣ ደግሞም የደልጊው ጀልባ።

እኔ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ቅብዝብዝ ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም። ቁጭ ብዬ እህል መልቀም የማልችል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከዐምድ ዐምድ የምዞር ልጅ ነበርሁ። እንዲህ ያለች ፍጥረት የማደንዘዣ ሥራ ተምራ፣ ሰው ተኝቶ ሌላው ቁጭ ብሎ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ ባሕር ዳር ተመደበች። አለቃዬና አስተማሪዬ ጋሽ ይልማ የሚባሉ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። በየጠዋቱ፣ «ልጄ፣ በሽተኛውን ከማስተኛታችን በፊት አንቺን እናስተኛሽ መሰለኝ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

በዚያን ዘመን ማስመለስን የሚከላከለው መርፌ እንደ ልብ አይገኝም። ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በኋላ የትኛው ልጅ ያስመልሳል ብሎ አስቀድሞ መገመት የሥራችን ግማሽ ነበር። ጋሽ ይልማ ያስተማሩኝ ይህን ነው። ዐይኑ የሚሠራ ልጅ ያሠጋል። ቶንሲሉ የሚወጣም እንዲሁ። ጨቅላ ሕፃን ብዙም አያስመልስም፤ ከፍ ካለ በኋላ ይብሳል። ኦፕራሲዮኑ ረዘም ካለም ተጠንቀቂ ይሉኛል። መኪናና ጀልባ የማይስማማው ልጅ ያስመልሳል፤ እናቱን ወይ አባቱን ወይ ወንድሙን ያስመለሰ ከሆነ ደግሞ ይበልጡን ያስመልሳል። ሐኪም ስለት እንጂ ትውከት አያስፈራውም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ልጅ ግን ቶሎ ይደርቃል። ትንሽ ውኃ ናት ልጅን ከነሕይወቱ ያቆመችው፤ እሷ ካለቀች ምን ይቀራል?

እኔም ነገሩን ወደድሁት። ጠዋት ጠዋት በየአልጋው እየዞርሁ፣ «ይሄኛው ያስመልሳል፣ ያቺኛዋ አታስመልስም» እያልሁ እገምታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ይሰምርልኝ ነበር። ታዲያ የክፍሉ ሠራተኞች ምን ብለው ስም አወጡልኝ? ሟርተኛዋ!

አገራችንን ታውቋታላችሁ። እናት ልጇ ሲወፍር «ከሳብኝ» ትላለች እንጂ «አማረበት» አትልም። በታመመ ሰው ራስጌ የሞተ ሰው ስም አይነሣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ክፉን በስሙ ከጠሩት አቤት ብሎ ይመጣል። እንግዲህ በዚህ አገር ላይ የእኔ ሥራ በየጠዋቱ እየተነሡ ክፉን በስሙ መጥራት ሆነ። እናቶች ሲያዩኝ ልጆቻቸውን በነጠላ መሸፈን ጀምረው ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከሐይቁ ዳር የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ከነፋሱ ጋር እስከ ሆስፒታሉ ግቢ ይመጣል። ውባለም በትልቁ ጀልባ ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ ከእናትና አባቷ ጋር መጣች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አንደኛው ዐይኗ ሸውረር ያለ ስለነበረ ሰው ሲያያት በመዳፏ ሸፈን ታደርገዋለች። ትምህርት ቤት «ሸውራራዋ» እያሉ ስላስመረሯት አልሄድም ብላ ቤት ቀርታ ነበር። ኦፕራሲዮኑን አጥብቃ የፈለገችው እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ ናት። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ግን እሺ ያሉት እየከበዳቸው ነው፤ እሺ ሲሉም በቃል አሥረው ነው። የሳምንቱ ጀልባ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደልጊ ይመለሳል። የደብራቸው ንግሥ፣ ኅዳር ሚካኤል ደርሷል። ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ማኅሌት ቆሞ አያውቅም። «ዛሬ ትሠራ፣ ነገ በጀልባው እንሄዳለን» አሉ። ሐኪሙም ልጅቱ ካልተረበሸች መሄድ ትችላለች አላቸው።

አልጋዋ ዘንድ ሄጄ ጥያቄዬን ጀመርሁ። መሪጌታ ረጅም ሰው ናቸው፤ በነጭ ጥምጥማቸው ላይ ቁመታቸው ተጨምሮ ጣራውን የሚነኩ ይመስላሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ጀልባ ላይ ያስመልሳታል?» አልኋቸው።

«የሐይቅ ልጅ?» አሉኝ፣ ሰደብኋቸው ይመስል። «አያቷ በታንኳ ተወልዶ በታንኳ ያረጀ ሰው ነው። ልጄን ውኃ አያውካትም።»

«እኅት ወንድም አላት? ኦፕራሲዮን የተደረገ?»

«አንድ ናት።»

እትዬ ጥሩወርቅ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔም ልሄድ ስል የልጅቱ ጡጫ ዐይኔን ያዘው። አንድ ነገር ጨብጣለች። ቀስ ብዬ ጣቶቿን ብፈታቸው ቆዳዋ የተላላጠ፣ የተጨማደደች ሎሚ ናት።

«ይህ ምንድን ነው የኔ ዓለም?»

«ለማሽተት ነው።»

«መቼ ነው የምታሸቺው?»

ወደ አባቷ ሰርቃ አየችና በሹክሹክታ፣ «ጀልባው ሲወዛወዝ» አለችኝ።

«ሎሚ መዓዛው ደግ ስለሆነ ነው» አሉ መሪጌታ ቶሎ ብለው። በዚያ አገር፣ በሐይቁ ዳር የተወለደ ሰው ጀልባ ላይ አስመለሰው ከተባለ እስኪሞት መሳቂያ ነው። ይህን እኔ የደጋዋ ልጅ እንኳ ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው እየዋሹ አይመስላቸውም፤ የልጃቸውን ክብር እየጠበቁ ነው።

ዝም ብል ይሻል ነበር ይሆናል፤ ግን ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል። «መሪጌታ፣ ስትነቃ ሊያስመልሳት ይችላል። አስቀድመው ቢያውቁት…»

«ምን አልሽ?»

«ሊያስመልሳት ይችላል።»

«ክርስቲያን አይደለሽም አንቺ?»

«ነኝ እንጂ።»

«ታዲያ በሕፃን ላይ ክፉ ቃል ምን ያስወጣሻል?»

«እርስዎስ ደመና አይተው የተሰጣ እህል ቢያስገቡ፣ ዝናቡን የጠሩት እርስዎ ነዎት ይባላል?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም ተናድጄ ወጣሁ። አባቴ የሚያህሉ ሰው ባይሆኑ ሌላም እናገር ነበር።

ጋሽ ይልማ ሎሚዋን ስነግራቸው ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ ዐይንና ጀልባ ሆነ። መርፌው ግን አንድ ናት የቀረችን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት ቶንሲል አለ። ሌላ ነገር የለም? ወንድም፣ እኅት?»

«የለም አሉ።»

«ማን አለ?»

«አባትዬው።»

«እናትየውን ጠይቂያት፤ ብቻዋን ስትሆን።»

እትዬ ጥሩወርቅን ከግቢው ጀርባ አገኘኋት፤ ከዋንዛው ሥር ተቀምጣ በሶ በውኃ ትበጠብጣለች። ትበጠብጠዋለች እንጂ አትቀምሰውም። ፊት ለፊቷ ቆሜ እንዴት እንደምጀምር ሳወጣና ሳወርድ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር።

«ተቀመጪ እኅቴ፤ ዐይኔን አዞርሽው» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። ምን ብዬ ልጠይቃት? ባሏ ያሉትን ደግማ እንደምትልብኝ አውቄያለሁ። ስለዚህ የራሴን ነገርኋት። መጀመሪያ ጊዜ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስመጣ ከአጠገቤ የተቀመጡትን ቄስ ነጭ ጋቢ እንዴት እንዳደረግሁት፣ ቄሱ ያለማቋረጥ እያማተቡ እስከ መናኸሪያው በአንድ እግራቸው ቆመው እንደደረሱ፣ እስከ ዛሬም ያለ ሎሚ መኪና ላይ እንደማልወጣ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ቆይቶ ቆይቶ ለቅሶ ሆነ። እኔ ደግሞ የሰው ለቅሶ ሲመጣ መቆም ነው የሚያሰኘኝ፤ ያን ቀን ግን እንዳልነሣ በእጇ ቀሚሴን ይዛው ነበር።

«ወንድም ነበራት» አለችኝ። «ታላቋ ነው። ቡአ ወጥቶበት በሌላ ቦታ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ደኅና ነው ብለን በማግሥቱ በጀልባ ወሰድነው። እንደተነሣን ያስመልሰው ጀመር። ውኃ ሰጠሁት፤ መለሰው። ደግሜ ሰጠሁት፤ መለሰው። ነፋስ ተነሣና ጀልባው መዝለል ሲጀምር የሚወጣው እንኳ ጠፍቶ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይለዋል። ተመለሱ ብል ማን ይሰማኛል። ከዚያ ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።» ቀሚሴን ይበልጥ ጨበጠችው። «ደልጊ ስንደርስ ነው ያወቅሁት።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩንም?»

«ዛሬ እሷ ልትተኛ፣ የሞተ ወንድሟን ስም ላንሣ? በገዛ አፌ ልጥራባት? ከዚያ ወዲህ እኮ በቤታችን ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። አባቱም አይጠሩት፤ እኔም አልጠራው።»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን በሽታ አልሸሸገችም። የሸሸገችው ልጇን ነው፤ ሞት ዳግመኛ እንዳያያት። ይህን ያን ጊዜ አልተረዳሁትም፤ ተነሥቼ ወደ ጋሽ ይልማ በረርሁ። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ በግቢው መሀል መቅረቱን ያወቅሁት እሳቸው ወደ እግሬ ሲያዩ ነው።

ጋሽ ይልማ ሲሰሙ ሳቃቸው ጠፋ። መርፌዋን ለውባለም አደረጉላት። ጉሉኮሱን አስቀድመው አስተከሉላት፤ ከማደንዘዣውም የማያስመልሰውን መረጡላት። መሪጌታ ግን አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። ከካፖርታቸው ኪስ ጠርሙስ ጠበል አውጥተው፣ «ስትነቃ ይህን ትጠጣለች» አሉ።

እኔም እኮ በጠበል ያደግሁ ነኝ፤ ለመሪጌታ ጠበል አትስጡ ማለት በየትኛው አፌ ይቻለኛል? «አባቴ» አልኋቸው፣ «ግንባሯን ያጥቧት፣ ዐይኗን የሸፈነውን ሳይነኩ ፊቷን ያብሷት። አፏን ግን እስክነግርዎ ይጠብቁልኝ። ሆዷ ገና አልነቃም።» ጠርሙሱን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ውባለም ወደ እኩለ ቀን ተሠርታ ወጣች። አንደኛው ዐይኗ በነጭ ፋሻ ታሽጓል። ነቃች፤ «እማ» አለች፤ ተመልሳ ተኛች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምን እንዳደረግሁ ብትጠይቁኝ ሄድሁ፣ መጣሁ ነው የምላችሁ። ወደ አልጋዋ እሄዳለሁ፤ ከንፈሯን አያለሁ፤ ሳፋውን ከአልጋው ሥር በእግሬ ጠጋ አደርጋለሁ፤ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ነጭ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ነበር። ዐይኔ ከሐይቁ ወደ ልጅቱ፣ ከልጅቱ ወደ ሐይቁ ይመላለሳል። የጎረቤት አልጋ እናት፣ «ሟርተኛዋ ዛሬ ምን ሆነች?» ስትል ሰማኋት።

ምንም አልመጣም። ሲመሽም ምንም የለም። መሪጌታ ሰላም ያለው ፊት አምጥተው፣ «የት አለ ታዲያ ትንቢትሽ?» አሉኝ። ደስ ብሎኛል፤ ተናድጄማለሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ። እዚህ ላይ የሥራችንን ክፋት ልንገራችሁ። ያስመልሳል ብለህ መድኃኒት ሰጥተህ ልጁ ሳያስመልስ ከዋለ፣ ውሸታም ነህ። ካስመለሰ ደግሞ ሟርተኛ። እውነተኛ ተብለህ የምትመሰገንበት መንገድ የለም። ደመናው ሲበተን እህሉን ያስገባችውን ሴት ማን ያመሰግናታል?

በማግሥቱ ጠዋት ገና ፀሐይ ስትወጣ ስደርስ መሪጌታ ጓዛቸውን አሥረው፣ በጀልባው ለመሄድ ተነሥተዋል። ልጅቱን በጋቢ ጠቅልለው ከአልጋው ብድግ አድርገው ታቀፏት። ከብድግታው ጋር ፊቷ አመድ መሰለ። «እማ፣ ሎሚዬን…» አለች፣ ሳትጨርሰው የአባቷ ደረትና ጋቢው ላይ ወረደባቸው። ከዚያ ደገማት። ከዚያ የሚወጣ ሳይኖራት ትንሽ ጀርባዋ እየተቆለመመ ወደ ላይ ይላት ጀመር።

ተቀብያት አስተኛኋት፤ በጎኗ አደረግኋት። ያደረ ጉሉኮስዋ ተነቅሎ ነበርና ደግመን እንድንተክልላት ወደ ጋሽ ይልማ ሰው ላክሁ። መሪጌታ ከላይ ቆመው ያዩኛል።

«ጠራሽው» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «በአፍሽ ጠራሽው፤ መጣልሽ።»

እውነት እኔ ጠርቼው ይሆን እንዴ ብዬ አሰብሁ። ተምሬም፣ ሠርቼም፣ እንዲያ ብዬ አሰብሁ።

በዚያ መሀል ከወደቡ የጀልባው ጡሩምባ ተነፋ። የመጀመሪያው ጥሪ ነው።

«አምጫት» አሉ። «የሐይቁ አየር ያሽላታል። እዚህ ቤት ውስጥ ክፉ አፍ አለ። ሚካኤል ያውቃል፤ አምጫት።» እጃቸውን ዘርግተው ወደ አልጋው ሲመጡ እትዬ ጥሩወርቅ በመካከል ቆመች። ትንሽ ሴት ናት፤ ደረታቸው ድረስ ብትደርስ ነው።

«ኅሩይን በዚያ ጀልባ ነው የወሰድነው» አለች።

ስሙን እኔም ገና መስማቴ ነበር።

«ጥሩወርቅ…»

«ኅሩይ» አለች ደግማ። «እርስዎ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመው ይደግሙ ነበር። ልጄ በእቅፌ ውስጥ ነው የሞተው። ዞር ብለው አላዩም። ስሙን እንዳልጠራ አሉኝ፤ እሺ አልሁ፤ ይኸው ስንት ዓመቴ። ይህቺን ግን አልሰጥዎትም። ንግሡን ሄደው ያንግሡ። እሷ ከዚህ አትነሣም።»

መሪጌታ ቆመው ቀሩ። የረከሰ ጋቢያቸውን ይዘው፣ እንደዚያው ቆመው። እኔ የልጅቱን ራስ ይዤ ነበር፤ መንቀሳቀስ አልቻልሁም፤ በሕይወቴ ያን ያህል ጊዜ አንድ ቦታ የቆምሁበትን ቀን አላስታውስም። ከዚያ ጡሩምባው ሁለተኛ ተነፋ፤ ረዘም ብሎ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ቀስ አድርገው ከግድግዳው ጋር አስደገፉ። ከዚያ ያ ረጅም ሰው ሲሚንቶው ላይ፣ ከሳፋው አጠገብ ተቀመጡ።

የጀልባው ሞተር ድምፅ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው ቀልቷል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ስንት ጊዜ ያስመልሳታል?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሟርቱን፣ ያንኑ የከለከሉኝን፣ እየለመኑኝ ነው። ቀለል አድርጌ በየጠዋቱ በየአልጋው የምናገረው ነገር ያን ቀን እንዴት እንደከበደኝ!

«አንዴም ሁለቴም ትመልስ ይሆናል» አልኋቸው። «ከዚያ ትተኛለች። ስትነሣ ምግብ ትጠይቃለች።»

«አፍሽን በዳቦ» አሉኝ።

አንዴ መለሰች። ሳፋውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ተኛች። ፀሐዩ ከመስኮቱ አልፎ ወደ ግድግዳው ሲደርስ ነቃችና ባልታሸገው ዐይኗ ዞር ዞር ብላ አየች። ዳጉሳ እንጀራ አማረኝ አለች፤ ደግሞ ሎሚዬ የት ሄደ አለች። እትዬ ጥሩወርቅ እየሳቀች ታለቅሳለች። መሪጌታ ግን ያን ቀን ምንም አልበሉም። የሚካኤል ዕለት ከሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ደብር ሄደው፣ ከኋላ፣ እንደ ማንም ምእመን ቆመው ማኅሌቱን ሰሙ አሉኝ። ሲመለሱ የክፍሉ በር ላይ አገኙኝ። «ዛሬ በጸሎቴ የልጄን ስም ጠራሁት» አሉኝና አለፉ። የትኛውን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት ጀልባ ሲሄዱ ውባለምን ሁለት ሎሚ አስይዤያታለሁ።

እነዚህ ሁሉ ነገሮች ያ ወጣት የማደንዘዣ ባለሙያ ከሜሮን ፊት ቁጢጥ ብሎ ሳለ በልቤ አለፉ። ሜሮን አሁንም በዐይኗ ይዛኛለች። አፌን ከፈትሁ።

«ልጄ» አልሁት፣ «እናቱ እሱን በኦፕራሲዮን ወልዳ ስትነቃ ክፉኛ አስመልሷታል። እኔም መኪናና ባጃጅ አይስማማኝም፤ እይ ይኸው ሎሚዬ። ይህን ሁሉ ቆጥረህ ያዝልኝ።»

«ደግ ነገሩኝ፣ እማማ» አለና ወረቀቱ ላይ ጻፈው። አሁን እንደ እኛ ዘመን በአንዲት መርፌ አይጨነቁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

«እማዬ!» አለች ሜሮን። ናትናኤል ወደ ውስጥ ከገባም በኋላ ከእኔ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ይታወቃል፣ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ሁለቴ መንገድ ለቀቀችልኝ። ያስመልሰው ይሆን፣ አያስመልሰው ይሆን፤ ስንት ሺህ ልጅ አይቻለሁ፤ ከስንት ሺህ ልጅ አንዱ ግን የኔ አልነበረም።

ሜሮን ቆይታ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ስንት ጊዜ ያስመልሰዋል?» አለችኝ።

ቆምሁ። ያኔ መሪጌታ የጠየቁኝ ያንኑ ነበር። «ሁለቴ ቢሆን ነው» አልኋት፤ «ከዚያ ይርበዋል።»

«አፍሽን በዳቦ» አለች። ይህን ከማን ሰማችው? ከእኔ ይሆናል፤ ወይም ከአገሩ።

ናትናኤል ወጣ። ነቃ። ከሰዓት በኋላ አንዴ አስመለሰ፤ ልቅም አድርጎ የእናቱ ቀሚስ ላይ። አልጮኸችም፤ አልደነገጠችም። ሳፋውን ሳብ አድርጋ ግንባሩን ያዘችለትና፣ «አይዞህ፣ አንዷ ወጣች» አለችው። ሁለተኛዋን ስንጠብቅ ዋልን። አልመጣችም። ወደ ማታ ናትናኤል በተቆራረጠ ድምፁ እርጎ አለ።

ሜሮን ዞር ብላ አየችኝ። «ሁለቴ ብለሽ አልነበር እንዴ?»

«ተሳሳትሁ» አልኋትና አጠገቧ ተቀመጥሁ።